እማዬን የሚችል ዕቃ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ

«የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። እማዬ 61 ዓመቷ ነው። ግፊትና ስኳር አለባት፤ ሰውነቷም ትልቅ ነው። ባለፈው ወር ለክትትል ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ግፊት ሲለኳት ክንዷ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ አልያዝ ብሎ እየተፈታ አስቸገረ። በመጨረሻ ሲስተሯ በእጇ ጭብጥ አድርጋ ይዛው ለካችና ‹162 በ94› አለች። መድኃኒት ተጨመረላት። ሚዛን ላይ ስትወጣ ደግሞ ሚዛኑ ቁጥር አልሰጥ አለ፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ‹እኔን የሚችል ዕቃ የላቸውም፣ ሁለተኛ አልሄድም› ብላ ቁጭ ብላለች። ጉልበቷንም ያማታል፤ ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት አቅቷታል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ዊልቸር ልላክላት ይላል። ምን እናድርግ? የሚሆናት ዕቃስ ከየት ነው የሚገኘው?»

— ልጇ፣ ከአዘዞ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እናትሽ ክትትል ማቆማቸው ነው። ግፊትና ስኳር ላለበት ሰው ይህ አደገኛ ነው። ግን አልፈርድባቸውም። በሰው ፊት የተሳቀበት ሰው እግሩ ወደዚያ አልሄድ ይለዋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ይህን ንገሪያቸው፤ ከእኔ ነው በያቸው። ክንዳቸው ምንም ጥፋት የለበትም። ያ ጨርቅ የተሠራው ለሌላ ክንድ ነው። ለእሳቸው ልክ የሚሆነውም ተሠርቶ ይሸጣል፤ አዲስ የሚፈለሰፍ ነገር አይደለም። ጤና ጣቢያው ስላልያዘው ብቻ ነው እሳቸው የተጉላሉት።

አሁን ወደ 162 በ94 ልምጣ። ይህን ቁጥር አላምነውም።

ባለሙያዎቹ ያን ጨርቅ ካፍ ይሉታል። ውስጡ አየር የሚገባበት ፊኛ አለው። ፊኛው ከክንዱ ዙሪያ 80 በመቶ ያህሉን መክበብ አለበት። ስፋቱም የክንዱን ዙሪያ 40 በመቶ ያህል መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ጭምቀቱ ደም ሥሩ ጋ በደንብ አይደርስም። ደም ሥሩን ለመዝጋት ተጨማሪ አየር መንፋት የግድ ይሆናል። ያ ትርፍ ጭምቀት ደግሞ የእናትሽ ግፊት ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፋል። በእጅ ተይዞ ሲለካማ ጭራሽ ምን እንደተለካ አይታወቅም።

ስህተቱ ትንሽ እንዳይመስልሽ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 195 ሰዎችን በተለያየ የካፍ ልክ ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2023 አሳትመዋል። በጣም ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ካፍ ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 19.5 ከፍ ብሎ ታይቷል። አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ላይ እንኳ ወደ 5 ገደማ ጨምሯል። ይህን ወደ እናትሽ አምጪው። ትክክለኛ ግፊቱ 125 የሆነ ሰው 144 ወይም 145 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ግፊት አለብህ የሚባለው ደግሞ ከ140 በ90 ጀምሮ ነው። በዚህ ምክንያት የማያስፈልገው መድኃኒት የሚጨመርለት ሰው አለ። መድኃኒቱ ሲበዛ ከመቀመጫ ሲነሱ ያዞራል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው መዞር ማለት መውደቅ ነው።

የእናትሽ ግፊት ደህና ነው እያልኩሽ ግን አይደለም። 162ቱ እውነትም ሊሆን ይችላል። የተጨመረውን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። የሚያስፈልገው በቶሎ፣ በልኩ ካፍ እንደገና መለካት ነው። መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ የሚያዞራቸው ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ለሐኪሙ ንገሪ። ድንገት የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአፍ መጣመም ካየሽ ደግሞ የካፍ ነገር ይቆይ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

እንግዲህ ሥራውን ቤት ውስጥ እንጀምር። ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ለስላሳ ሜትር ያዢ። ከሌለሽ ቅዳሜ ገበያ ታገኚዋለሽ፤ ውድ አይደለም። እናትሽ እጃቸውን ዘና አድርገው ይልቀቁት። ከትከሻቸው አጥንት ጫፍ እስከ ክርናቸው አጥንት ያለውን ርዝመት ለኪና መሃሉ ላይ ምልክት አድርጊ። እዚያ ቦታ ላይ ዙሪያውን ለኪ። ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አያጥብቅ። ያገኘሽውን ቁጥር ጻፊው። ይህ ቁጥር ከዛሬ ጀምሮ በየሄዳችሁበት አብሯችሁ ይሄዳል።

ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ከሆነ መደበኛው የአዋቂ ካፍ ይበቃል። ከ35 እስከ 44 ከሆነ ትልቁ ያስፈልጋል። ከ45 እስከ 52 ከሆነ ደግሞ ከሁሉ ትልቁ፣ አንዳንዶች የጭን ካፍ የሚሉት ነው። የአምራቾቹ አከፋፈል በመጠኑ ይለያያል። ስለዚህ ትልቅ የሚለውን ጽሑፍ ሳይሆን ካፉ ላይ የታተመውን የሴንቲ ሜትር ቁጥር እመኚ። ሁሉም ካፍ ማለት ይቻላል ከስንት እስከ ስንት እንደሚሆን ላዩ ላይ ተጽፎበታል።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ልመና ውስጥ አትግቢ። ጫማ ስንገዛ ቁጥር እንደምንጠራው ቁጥርሽን ጥሪ። «ሲስተር፣ የእናቴ ክንድ 41 ሴንቲ ነው፤ ይኼኛው እስከ 32 ነው የሚለው፤ ትልቁ ይኖራችኋል?» በቃ። ይህን ተቆጥተሽ ሳይሆን በደህና ድምፅ በይው። ብዙ ነርሶች በአንድ ካፍ ቀኑን ሙሉ ወረፋ የሚያስተናግዱ ናቸው፤ ቁጥሩን ሲሰሙ ለመርዳት የሚሞክሩት ይበዛሉ። ትልቅ ካፍ አንዳንዴ ግቢው ውስጥ እያለ ሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ ድንገተኛ ክፍልና ማዋለጃ ይጠየቅልሽ። ከሌላቸው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ሲጻፍላችሁ ምክንያቱም አብሮ ይጻፍ።

ትልቁ ካፍ የትም ከጠፋ በታችኛው ክንድ፣ ከክርን በታች መለካት ይቻላል። ክንዱ በልብ ትክክል ከፍ ብሎ በጠረጴዛ ተደግፎ ነው የሚለካው። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ዲጂታል መለኪያም ትልቁ ካፍ ሲጠፋ ይጠቅማል፤ አንጓው በልብ ትክክል ካልሆነ ግን ቁጥሩ ይዛባል። እነዚህ የጭንቅ ቀን መላ ናቸው፤ የላይኛውን ክንድ በልኩ ካፍ መለካትን አይተኩም። ከታች ከተለካ «ከታችኛው ክንድ» ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፍ። በትልቁ ከተለካም «ትልቅ ካፍ፣ ክንድ 41» ይባል። ይህ አንድ መስመር በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሰው ቢያገኛችሁ እንኳ እናትሽን እንደገና ከመጉላላት ያድናቸዋል።

ካፉ ልክ ሆኖም አለካኩ ሊያበላሸው ይችላል። እናትሽ ዳገቱን ወጥተው፣ ከባጃጅ ወርደው ትንፋሻቸው ሳይመለስ አይለኩ። ጀርባቸውን ተደግፈው፣ እግራቸው መሬት ነክቶ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ከመለካታቸው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ። ሽንታቸው ከመጣ ቀድመው ይሽኑ። እጅጌው ሰፊ የሆነ ቀሚስ ይልበሱ፤ ጠባብ እጅጌ ወደ ላይ ሲጠቀለል ራሱ ክንዱን ያንቃል። ሲለኩ ወሬ የለም። ይህን ወረፋ በበዛበት ቦታ ማሟላት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቤት ውስጥ መለኪያ ቢኖራችሁ የምለውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው ወንድምሽ የሚመጣው። ዊልቸሩን ለጊዜው ይተወው። የግፊት መለኪያ ይላክ። በሻንጣ ጥግ የሚገባ ነገር ነው፤ የሚመጣ መንገደኛ ይዞት ይመጣል። እናትሽን በየሳምንቱ የሚጠቅማቸውም እሱ ነው። ግን በደፈናው ግፊት መለኪያ ብለሽ አትላኪበት። ሦስት ነገር ጻፊለት። አንደኛ የክንዳቸውን ልክ። ሁለተኛ ካፉ ከመሣሪያው ጋር ከአንድ አምራች ይሁን፤ የአንዱ ፋብሪካ ዲጂታል ከሌላው ካፍ ጋር ቢገጥም እንኳ በትክክል ላይለካ ይችላል። ሦስተኛ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ይሁን። አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት አካባቢ ነው፣ የእኛ 220 ነው፤ ለዚያ አገር ብቻ የተሠራ ቻርጀር እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። መብራት በሄደ ቁጥርም ሥራ አይፈታባችሁም። ስትራይድ ቢፒ የሚባል የግፊት ሐኪሞች ድርጅት ተፈትነው ያለፉ መለኪያዎችን ዝርዝር በነፃ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ወንድምሽ ከመግዛቱ በፊት እዚያ ይፈልገው።

ወንድም ለሌለው አንባቢዬም ልናገር። ፒያሳና ሆስፒታሉ አካባቢ ባሉ ፋርማሲዎች ዲጂታል መለኪያ ይሸጣል። አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ያለው መደበኛው ካፍ ነው። ሳትከፍዪ ካፉን አውጥተሽ ቁጥሩን አንብቢ፤ ከቻልሽ ክንድ ላይ ሞክሪው። ከ22 እስከ 42 ሴንቲ የሚሆኑ ካፎች አሉ፤ ለብዙ ሰው እነሱ ይበቃሉ። ከሌላቸው ባለ ፋርማሲው አዲስ አበባ ካለው አስመጪው ጋር ደውሎ እንዲያስመጣልሽ በሴንቲ ሜትር ጻፊለት። ትልቅ አምጣልኝ ብቻ ካልሽው የሚመጣው ሊጠብ ይችላል፤ ያኔ ገንዘቡም ይሄዳል፣ እናትሽም እንደገና ያፍራሉ። በእጅ የሚነፋውን ባለ ሰዓት መለኪያ ካላችሁ ደግሞ ካፉ ብቻውን ሊቀየር ይችላል፤ ቱቦው አንድ ይሁን ሁለት አይተሽ ነው የምትገዢው።

ወደ ሽንት ቤቱ ልሂድ፤ ይህ ነገር ከግፊቱ ያላነሰ ያሳስበኛል። ቁጢጥ ማለት ያቃተው ሰው ሽንት ቤት ላለመሄድ ብሎ ውኃ መጠጣት ይቀንሳል፣ ምግብም ይቀንሳል። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ጥሩ አይደለም። እናትሽም እንዲህ እያደረጉ እንዳይሆን ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው።

ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግሽም። ጎንደር ውስጥ ብየዳ ቤት ሞልቷል። መሃሉ ክፍት የሆነ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው የብረት ወንበር አሠሪላቸው፤ ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። ልኩን አንቺ ውሰጂ። እናትሽ ጠንካራ አግዳሚ ላይ ይቀመጡና ዳሌያቸው ከጎን እስከ ጎን የሚይዘውን ለኪ፤ 5 ሴንቲ ጨምሪበት። በክንድ ማሳረፊያዎቹ መካከል ያለው ስፋት ይህ ነው። ለከፍታው ከጉልበታቸው ጀርባ እስከ መሬት ለኪ፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ለመነሳት እንዲቀለው ትንሽ ከፍ ይበል። እግሮቹ ወደ ውጭ ዘርጋ ይበሉ፣ ከታች በአግዳሚ ብረት ይያያዙ፣ ጫፋቸው ጎማ ይልበስ። ብየዳው ሻካራ እንዳይሆን በደንብ ይሞረድ። ስኳር ያለበት ሰው ትንሽ ቢቧጨር እንኳ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ዕቃውን ስትረከቢ ሁለት ጎረምሶች አንድ ላይ ተቀምጠው ይወዝውዙት። ካልተነቃነቀ ውሰጂው።

የፕላስቲክ ወንበር መሃሉን ቀዶ መጠቀም የተለመደ ነው። ለእናትሽ አይሆንም። ከተቀደደ በኋላ ጉልበቱ ይደክማል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይም እግሩ ይከፈታል። ቤት ውስጥ ለመቀመጫም ቢሆን ሁለት ሦስቱን ደራርቦ መስጠት ለጊዜው ያገለግላል፤ ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር ግን ይሻላቸዋል። በቀጠሮ ቀን መቀመጫው ጠባብ መሆኑን ካወቅሽ አግዳሚ እንዲሰጧቸው ገና ስትገቢ ጠይቂ። ቆመው አይጠብቁ።

ስለ ዊልቸሩ። እናትሽ ይራመዳሉ። የሚራመድ ሰው ዊልቸር ላይ ሲቀመጥ እግሩ ይበልጥ ይደክማል፤ ስኳሩንም መቆጣጠር ይከብዳል። መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት፣ በእንቅስቃሴ የሚያክመው ባለሙያ፣ ጉልበታቸውን ይይላቸው። ዩኒቨርሲቲው ፊዚዮቴራፒስት የሚያሠለጥን ስለሆነ ጎንደር በዚህ ከብዙ ከተሞች ትሻላለች። ምናልባት የሚያስፈልጋቸው ዎከር የሚባለው ባለ አራት እግር መደገፊያ ወይም ጎማ ጫፍ ያለው ምርኩዝ ብቻ ይሆናል። ተራው ዎከር በአብዛኛው እስከ 136 ኪሎ ነው የሚችለው፤ ጠንካራው እስከ 227 ኪሎ የሚሸከም አለው። ቁመቱ ትክክል የሚሆነው ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ሲለቁት መያዣው አንጓቸው ጋ ሲደርስ ነው።

ዊልቸር የግድ ነው ከተባለም እንዲሁ ዝም ብሎ አይላክ። ተራው ዊልቸር መቀመጫው 46 ሴንቲ ገደማ ነው፣ የሚችለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እስከ 113 ኪሎ። ሰፋፊዎቹ 51፣ 56 እና 61 ሴንቲ አላቸው። ወንድምሽ ከመግዛቱ በፊት የእናትሽን የዳሌ ልክና የቤታችሁን በሮች ስፋት ላኪለት። ጎማውና ማሽከርከሪያው ከመቀመጫው ላይ ወደ 20 ሴንቲ ይጨምራሉ፤ 61 ሴንቲ የተባለው ብዙ የቤት በር አያስገባውም። ባጃጅም አይጭነውም። የጎንደርን ዳገት ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ማን ይገፋዋል የሚለውን ተነጋገሩበት።

ሚዛኑን በአጭሩ። የቤት ሚዛኖች ብዙዎቹ እስከ 150 ወይም 180 ኪሎ ነው የሚመዝኑት፤ ላዩ ላይ ይጻፋል። ልኩን ካለፈ ቁጥር አይሰጥም፤ የሆነው ይኸው ነው። አንድ ዓይነት ሁለት ዲጂታል ሚዛን ጠፍጣፋ ወለል ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንድ እግር በአንዱ ሌላው በሌላው ቆሞ ሁለቱን ቁጥር መደመር ይቻላል። ግድግዳም ሆነ ሰው መያዝ የለባቸውም፤ አንቺ ግን አጠገባቸው ቁሚ። መቆም ካቃታቸው ተይው። እህል መጋዘን ወስደሽ አስመዝኚ የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ሚዛኑ ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን እናትሽን ሸክም በሚወርድበት ቦታ አቁሚያቸው ብዬ አልመክርሽም። እሳቸው ግድ የለኝም ካሉ የራሳቸው ምርጫ ነው። ጤና ጣቢያ ሲመዘኑም መጋረጃ ካለበት ክፍል ውስጥ እንዲሆን መጠየቅ መብታቸው ነው።

መርፌም ልክ አለው። ክትባት ትከሻ ላይ ጡንቻ ውስጥ ሲወጋ፣ ከ90 ኪሎ በላይ ለሆነች ሴት 38 ሚሊ ሜትር የሆነው ረጅሙ መርፌ ነው የሚመከረው። አጭሩ ስብ ውስጥ ይቀርና ክትባቱ በደንብ ላይሠራ ይችላል። ኢንሱሊን ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ከቆዳ ሥር ስለሚወጋ ትልቅ ሰውነትም ቢሆን አጭር መርፌ ይበቃዋል። እናትሽ ኢንሱሊን ከጀመሩ ረጅሙን እንዳይመርጡላቸው።

«መጀመሪያ ክብደት ይቀንሱ» የሚላችሁ ሰው ይኖራል፤ ሐኪምም ሊሆን ይችላል። ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ፣ ጥሩ ነው። ግን ያ ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት የሚወስድ ነገር ነው። ግፊታቸው በትክክል መለካት ያለበት ደግሞ በዚህ ሳምንት፣ አሁን ባላቸው ክንድ ነው። አንዱ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከአንቺ እፈልጋለሁ። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ አጭር ደብዳቤ ጻፊ። ሰዎቹ ሳቁብን ብለሽ አትጀምሪ፤ ያን በቃል ትነግሪያቸዋለሽ። «እስከ 44 ሴንቲና እስከ 52 ሴንቲ የሚደርሱ ሁለት ካፎች፣ እስከ 200 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሚዛን፣ ክንድ ማሳረፊያ የሌለው አንድ አግዳሚ በሚቀጥለው ግዥ ይካተትልን» ብለሽ ጻፊ። ቀን ጻፊበት፣ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊው፣ ኮፒውን ያዢ። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፤ ሁለት ካፍ መጠየቅ ብዙ አይደለም። ካፍ ውድ ዕቃ አይደለም። እናትሽ ብቻ አይደሉም የሚጠቀሙበት፤ ነፍሰ ጡሮች አሉ፣ ክንዳቸው የደነደነ የጉልበት ሠራተኞች አሉ። ደብዳቤው ላይ የሌሎች ታካሚዎች ፊርማ ቢኖርበት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ በክትትል ቀን ወረፋ ላይ ጠይቂያቸው።

የክንዳቸውን ልክ ከወሰድሽ በኋላ ጻፊልኝ። ወንድምሽ የመረጠውን መለኪያ ስምም ላኪልኝ፤ ከመግዛቱ በፊት አብረን እናየዋለን።